የአያ ታከለ አገልግል

አሁን ምሳዬን በምሳ ሰዓት እበላለሁ። ይፋግ ውስጥ ጎልማሶችን ፊደል የማስቆጥርበት ክፍል ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ተማሪዎቼ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ እኔም ከገበያው ዳር ወዳለች አንዲት ምግብ ቤት እገባለሁ። ትኩስ እንጀራ ይቀርብልኛል። በር አንኳኩቶ የሚያስነሳኝ የለም። ይህ ለሌላው ሰው ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልለመድሁትም። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የጎረስሁትን ሳላላምጥ እውጣለሁ፤ ከወንበሩ ጫፍ ላይ እሆናለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ሰው አየኝ ይሆን ብዬ ዙሪያዬን እቃኛለሁ።

ጠጉሬ ገና አልሸበተም። «የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አንተ ምን አየህና!» ብሎ የሳቀብኝ የሥራ ባልደረባ አለ። እውነቱን ነው። ግን ሥራ የሚያልቀው በዕድሜ ብቻ አይደለም። ወረታ ላይ በአምቡላንስ የሠራሁት ሥራ አልቋል፤ አብረውኝ የሠሩት ሰውም መሪ ከለቀቁ ሰንብተዋል። ስለ እሳቸውና ስለ አገልግላቸው እኔ ካልጻፍሁ የሚጽፍ የለም።

ወረታ የተመደብሁት አጭር የጤና ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ነው። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ሳልደርስ ወጣሁ፤ ስለዚህ ግጥም የምለው ነገር ሁሉ ከመንገድ ለቃቅሜ ራሴን ያስተማርሁት ነው። ከተማሪነት የቀረልኝ ሌላው ነገር በየደጁ የተሰጠኝን መብላት ነበር። ትኩስ ይሁን ያደረ፣ ከባለጸጋ ይሁን ከችግረኛ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መቀበል። አምቡላንሱ ላይ ስወጣም ይህን ልማድ ይዤ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያችን ትንሽ ነበረች። ኃላፊዋ ሲስተር ብርሃኔ የሚባሉ ቆፍጣና ነርስ ነበሩ። ደሞዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም፤ የጉዞ ቅጹም በካርቦን ወረቀት ይሞላል። ከዚህ በላይ ስለ ሁለቱ የምለው የለኝም።

ሥራው ሰዓት አያውቅም። በበጋ መንገዱ አቧራ ነው፤ መኪናዪቱ እንደምንም ትደርሳለች። ክረምት ሲገባ ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ይወጡና የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ይሆናል። ያን ጊዜ መኪናዪቱን ከመንገዱ ላይ አቁመን፣ ሱሪያችንን ጠቅልለን፣ ቃሬዛውን በትከሻ ይዘን ውኃ ውስጥ እንገባለን። ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ወጥተን፣ ምግብ ቤቶቹ ድስታቸውን ካጠቡ በኋላ እንመለሳለን። ሻይ ቤት የሚቀረው ስኳር የበዛበት ሻይና ጠዋት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በእሱ ኖርሁ። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ያቃጥለኛል። ከዚያ የበሽተኛ ቤት ስንደርስ ዘመድ አዝማዱ «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ይላል፤ እኔም ዳግመኛ እህል እንደማያይ ሰው እበላለሁ። አረቄ ከመጣም አረቄ። ስንመለስ ራሴን በመስኮት አውጥቼ የበላሁትን ለሜዳው እመልሳለሁ።

ሹፌራችን አያ ታከለ ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። በጭነት መኪና ብዙ አገር ዞረዋል። ያኔ መንገድ ላይ ያገኙትን እየበሉ፣ ሲያጡ በአረቄና በሲጃራ እየዋሉ ጨጓራቸው ቆሰለና አንድ ቀን መሪ እንደያዙ ደም አስታወኩ። ያከማቸው ሐኪም «ከእንግዲህ በሰዓቱ ካልበላህ፣ የምትበላውንም ካልመረጥህ፣ ሚስትህን ጥቁር ታለብሳታለህ» እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቀመጫቸው ኋላ ቆዳ የለበሰች አንዲት አገልግል አትጠፋም።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ከጉማራ ማዶ በሬ የወጋው ሰው አለ ተብሎ መልእክት መጣ። እኔ መርፌዎቹን ለማፍላት ጥጄ እንቆራጠጣለሁ። አያ ታከለ ግን እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ አገልግሉን ፈትተዋል።

«አያ ታከለ፣ ሰው እየሞተ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ለእሱ ብዬ ነው የምበላው።»

«ታዲያ ይነሱ እንጂ!»

«መርፌህ ፈልቷል?»

«አልፈላም።»

«መርፌው ጥሬውን ካልሄደ እኔ ለምን ባዶዬን እሄዳለሁ? ና ተቀመጥ። ቆሞ የበላ ሰው ምግቡ ከጉልበቱ አያልፍም።»

ሕጋቸው ይህ ነበር፤ መርፌ እስኪፈላ ሰው ይበላል። ከበሽተኛው ሰዓት አይሰረቅም፣ ከሠራተኛውም ሆድ አይሰረቅም። አገልግሏ ውስጥ የገብስና የሽንብራ ቆሎ፣ የስንዴ ዳቦ፣ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አለ። ኮዳቸው ውስጥ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ሆዱን አይሞላም፤ ጎንበስ ሲል ይመለሳል። ጥቂት ዳቦ ይበቃል። ቆሎው በኪስ ይያዝና በመልስ ጉዞ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይላመጣል፤ መንጋጋ እየሠራ ዐይን አይከደንም ይላሉ። በሶ ከብዙ ላብ በኋላ፣ ጨው ተጨምሮበት። ባዶ ሆድ ላይ ሻይ ክልክል ነው። «እጅህ ከተንቀጠቀጠ ርቦሃል፣ ብላ። ዐይንህ ከተንቀጠቀጠ ደክሞሃል፣ ተኛ። ሁለቱን ያምታታ ሹፌር መኪና ገደል ይከታል።»

ጓያ አይነኩም። የሜዳው ሰው ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ጓያ ይዘራል፤ በክፉ ጊዜም እሱን ብቻ የሚበላ ነበር። እግራቸው በጓያ ተሳስሮ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎችን አያ ታከለ በዚያች መኪና አመላልሰዋል፤ የጓያ ሽሮ ሲሸታቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሩዝ ደግሞ ያኔ ለሜዳው እንግዳ ነበር። ካድሬው በየስብሰባው ያመሰግነዋል፣ ገበሬው «የወፍ ጥሬ» እያለ ይስቃል። አያ ታከለ ከአንድ ስብሰባ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጣሳ ሩዝ ለመኑ፤ ሚስታቸው እንደ ገንፎ አለስልሳ ቀቀለችላቸው። በማግስቱ «ጨጓራዬ እንደ ሕፃን ተኛልኝ» አሉኝ። «ጓድ ካድሬ ከተሾመ እውነት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።»

የጾም ቀን ነበር የሚከብደው። የንስሐ አባታቸው «ቃሬዛ በምትሸከምበት ቀን፣ ጥሉላት ሳትነካ፣ ሰዓት ሳትጠብቅ ብላ» ብለው ፈቅደውላቸዋል። ቢፈቀድም በፍልሰታ አገር ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ሲጠብቅ እኛ ከመኪናዪቱ ኋላ ተከልለን እንደ ሌባ ዳቦ እንቆርሳለን። «ሰው እንዳያየን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ጊዜ። «ሰው እንዳይጎመጅ ነው» አሉ። እኔ ግን ዐይናቸው አጥሩን ሲጠብቅ አይ ነበር።

አያ ታከለ ከበሽተኛ ቤት እህል አይቀምሱም። «በልተን ነው የመጣን» ይላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይወጣሉ። እኔ ግን ሰው ሲለምነኝ እንቢ ማለት አላውቅምና በላሁ። በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ ተስቦ የገባበት የጣና ዳር ቤት ተጋብዤ በላሁ፤ ብዙ ሳልቆይ እኔም ወደቅሁ። ሲስተር ብርሃኔ መድኃኒቱን ሰጡኝ፣ አያ ታከለ ደግሞ የሩዝ ውኃ በማንኪያ እያጠጡ አጠገቤ ሰነበቱ። ራሴን ሳውቅ ከእግሬ በኩል ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አንተ የቆሎ ተማሪ» አሉኝ። «ደጅ ሁሉ የእግዜር ነው። ድስት ሁሉ ግን አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ የእሳቸውን ሕግ ያዝሁ። ትንሽ አገልግል ገዛሁ። ቃጠሎው ተወኝ፣ ፊቴ ሞላ፣ ጉልበቴ ተመለሰ። ሰውነቴ ሲድን ግን ሌላ ነገር እየቀነሰ ሄደ። ለሰርግ አልደርስም፤ ለማኅበር ብደርስም ገበታው ተነስቷል። በየገባሁበት ቤት «በልተን ነው የመጣን» እላለሁ፤ ያች ቃል ስትወጣ የባለቤቲቱ ፊት ትንሽ ሲዘጋ አያለሁ። ከዚያ ሜዳው መካከል መኪናዪቱን እናቆማለን። ከብቱ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይግጣል፤ እኛ መስኮቱን ዘግተን፣ አንዳችን ወደ ቀኝ አንዳችን ወደ ግራ እያየን እናላምጣለን። አንድ ቀን በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ እንዲህ ጻፍሁ፦

ሰው ሲበላ መንገድ፣ ሰው ሲተኛ እራት፣
አገልግል ሙሉ ነው፣ ሰው ነው ያጣሁበት።

አነበብሁላቸው።

«እውነት ነው» አሉ አያ ታከለ። «አሁን እንቁላሉን ብላ።»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ ከጎንደር በኩል የመጣ የአውቶቡስ ረዳት መልእክት አደረሰን። የላኩት መምሬ አስረስ ናቸው፤ ይፋግ አካባቢ ያለ አጥቢያ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ቄስ። አንዲት ሕፃን ትኩሳት ይዟት እየተንዘፈዘፈች ነው፣ ቶሎ ድረሱ ይላል። መርፌው ፈላ፣ በላን፣ ሄድን።

ቤቱ ከመንደሩ ተለይቶ አንዲት ጉብታ ላይ ነው። በደጁ ያልተተኮሰ ሸክላ በሣር ተሸፍኖ ተደርድሯል። እናቲቱ ዘርፌ ትባላለች፤ ባሏ ሞቶ ከልጇ ከውዴ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። የአገሩ ሰው ውኃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ፣ ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። እህል ግን ከቤቷ አይቀምስም። «ቡዳ ናት» ይላል፤ በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ የሚወረወረውን ያንኑ ሐሜት። ጎረቤቶቿ በዚያ ቀንም አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ አዝነዋል፣ ግን አልገቡም። ይህን ሁሉ እኔም አያ ታከለም ሸክላውን ባየን ጊዜ ልናውቅ ይገባን ነበር። ዐይናችን ልጅቱ ላይ ነበር።

ውዴ እንደ ምድጃ ትፋጃለች፤ ዐይኗ ወደ ላይ ተገልብጧል። ወባ ራሷ ላይ ወጥቶባታል። መርፌ ወጋኋት፣ በእርጥብ ጨርቅ አበረድኋት።

«እቴ ዘርፌ፣ አሁኑኑ ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ አለባት» አልሁ።

«ትድረስ» አለች። የልጅቱን ነጠላ አስቀድማ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ግን ነጠላውን ከማንሳቷ በፊት ትንሽ መሶብ አምጥታ ከፊታችን ከፈተች። የዳጉሳ እንጀራ፣ በላዩ ምስር ወጥ፣ ከአጠገቡ የሚጨስ አዲስ ድስት።

«ቅመሱልኝና እንሂድ። ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቃችሁ እጄ ሥራ ባይዝ ላብድ ነበር። ድስቱ አዲስ ነው፤ ለእናንተ ብዬ ነው ያሟሸሁት። እኔ በልቼበት አላውቅም።»

አያ ታከለ ድስቱን አላዩትም። «እንደ በላን ይቆጠር፣ የኔ እናት። ልጅቱ ትቅደም።»

«አንድ ጉርሻ ናት።»

«ከታመመ ሰው ቤት አንበላም። ልማዳችን ነው።»

«ልማድ» አለች ዘርፌ። ወደ አጥሩ አየች። «እነዚያም የሚሉት ልማድ ነው።»

አያ ታከለ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፤ ደነገጡ። የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ያደርጋል። ወደ መኪናው ሮጡ፣ አገልግላቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ከፊቷ ፈትተው ዳቦውንና ቆሎውን አሳዩዋት።

«ይኸው እይ! አንቺን ተጸይፈን አይደለም። የትም ስንሄድ የራሳችንን ስንቅ ይዘን ነው። የአውራጃው አስተዳዳሪ ቤት ብንሄድም የምንበላው ይህንኑ ነው።»

ከአጥሩ በኩል አንዲት ሴት «እሰይ! ሐኪሞቹም አወቋት!» አለች፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

የዘርፌን ፊት አየሁት። ለልቅሶ ይሁን ለደቦ፣ ወደዚያ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የራሱን ስንቅ በራሱ አገልግል ይዞ መምጣት። በበሯ እስከ ውስጥ ድረስ ይዞባት የገባ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ነጠላውን መልሳ አስቀመጠች። ውዴን ከመደቡ አንስታ አቀፈቻትና ጓዳ ገባች።

«ስንቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እህሌን የተጸየፈ ሰው ልጄን አቅፎ የት ያደርሳታል? መንገድ ላይ ነው የሚጥላት።»

«እቴ፣ እኔ እበላለሁ!» ብዬ መሶቡ ላይ ተደፋሁ። ቆረስሁ፣ ጠቀለልሁ፣ ጎረስሁ። ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«አንተ አሁን የምትበላው ፈርተህ ነው» አለች። «ርቦህ ቢሆን መጀመሪያ ትበላ ነበር።»

ምስሩ ጥሩ ምስር ነበር።

ለመንናት። አያ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከጓዳው ደጃፍ በጉልበታቸው ሆነው ለመኑ። የእናትን ልጅ ከእቅፏ መንጠቅ አይቻልም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ሩጥ፣ መምሬ አስረስን አምጣ» አሉኝ። በጭቃው እየወደቅሁ ሮጥሁ። መምሬ አስረስ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር፤ እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ክንዳቸውን ይዤ ጉብታውን ሳወጣቸው ዝናቡ መጣ።

ቄሱ አልተቆጡም፣ አልሰበኩም። ገቡ፣ ታጠቡ፣ መሶቡን ባረኩ፣ ተቀምጠው በሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሰው «ዘርፌ፣ ምስርሽ ጨው ይፈልጋል» አሉ።

ዘርፌ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ፣ በሌላው ጨው ይዛ ከጓዳው ወጣች።

«ልጅቱን ስጫቸው፣ ልጄ» አሏት። ሰጠችን። እሷም አብራ መኪና ላይ ወጣች።

ስንመጣ ደረቅ የነበረው ዝቅተኛው የመንገዱ ክፍል ግን በውኃ ተውጦ ጠበቀን። አያ ታከለ ወርደው በእግራቸው ለኩት፤ ወገባቸው ላይ ደረሰ። ተመልሰው መሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስንቆም የምንበላበት ሰዓት ነበር፤ አገልግሏም እዚያው ከኋላቸው ነበረች። ማናችንም አላየናት። ውኃው ጎደል ሲል ተሻገርን፣ ወረታን አለፍን፣ ሐሙሲት ልንደርስ ስንል ውዴ እናቷ ጭን ላይ መተንፈስ ተወች። እኔ የተማርሁትን ሁሉ አደረግሁ። አልሆነም።

አያ ታከለ ከመንገዱ ዳር አቁመው ሞተሩን አጠፉ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

«መልሱኝ» አለች ዘርፌ።

በማግስቱ ሲስተር ብርሃኔ አያ ታከለን ጠርተው «በሽታው ከብዶ ነበር። በጊዜ ብትደርስም ላትተርፍ ትችል ነበር» አሏቸው።

«ላትተርፍ ትችል ነበር» አሉ አያ ታከለ። «እሺ። ሄጄ ለእናቷ እንዲህ ልበላት?»



አያ ታከለ መብላት ተዉ። መርፌ ሲፈላ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እኔ ዳቦ ስቆርስላቸው «ቆይ» ይላሉ። ጨጓራቸው ባዶውን ሲያድር ምን እንደሚያደርጋቸው አውቃለሁ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሠልስቱ ቀን ለልቅሶ እንድንሄድ ፈቃድ ጠየቁ። አገልግላቸውን ሲይዙ አይቼ ፈራሁ።

«አያ ታከለ፣ እባክዎ እሷን ይተዉአት። ዳግመኛ አያሳዩዋት።»

ካፖርታቸው ሥር ይዘዋት መኪናው ላይ ወጡ።

ጎረቤቶቹ መጥተው ነበር፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንጨት ፈልጠውላታል፣ ውኃ ቀድተውላታል፣ ከልባቸው አልቅሰዋል። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በየስፌዳቸው ያመጡትን ንፍሮ ይቆነጥራሉ። ዘርፌ ቤት ውስጥ ናት። አጠገቧ መምሬ አስረስ ብቻ። መሶቧ ተከድኗል።

አያ ታከለ ገቡና ከፊቷ ቆሙ። አገልግላቸውን ፈትተው ገለበጡት። ከውስጡ አንዳች አልወደቀም።

«ባዶ ነው» አሉ። «ርቦኛል።»

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ልታባርራቸው ትችል ነበር፤ ብታባርራቸውም የሚፈርድባት አልነበረም። ተነሳች። ማስታጠቢያ አመጣች። በእጃቸው ላይ ውኃ ስታፈስስ የሁለቱም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወጡ በርበሬው የበዛ ቀይ ወጥ ነው። ለዓመታት እንዲህ ያለውን ወጥ ከሚስታቸውም እጅ ቀምሰው አያውቁም። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ ጉሮሯቸው ሲወጣ ሲወርድ አያለሁ፤ አላቋረጡም። እኔም ተቀምጬ አብሬ በላሁ። ሲጨርሱ ዘርፌ ባዶዋን አገልግል አነሳች፤ ከመሶቡ የተረፈውን ሞላችባት፣ ጠፍሩን በራሷ እጅ አሰረችው።

«ለመንገድ» አለች።

አያ ታከለ ሁልጊዜ አገልግሏን ካፖርታቸው ሥር ነበር የሚይዙት። በዚያ ቀን ከፊታቸው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዛፉ ሥር በተቀመጡት ሰዎች መካከል አለፉ። ሁሉም አየ። አንዲት ሴት ዐይኗን ሰበረች። ግን ማንም ተነስቶ ወደ ቤቷ አልገባም። ይህ ግጥም ቢሆን አስገባቸው ነበር።

ስንመለስ መኪናዪቱን አቁመው ሆዳቸውን ይዘው መሪው ላይ ተደፉ። ደግፌ ውኃ አጠጣኋቸው። «ይለፈኝ ተወው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሕጋቸው ተለወጠ። በገባንበት ቤት አስቀድሞ አንድ ጉርሻ፣ ምንም ይሁን ምን፤ የራስ ስንቅ ከዚያ ወዲያ። እኔ በልቼ እሳቸው እንዲተዉ ብለምናቸውም እንቢ አሉ። ጉርሻዎቹ ተጠራቅመው ሆዳቸው እንደገና ደማ፤ ከመሪው ተነስተው ጡረታ ወጡ። የመጨረሻዋን ቀን አገልግሏን ሰጡኝ። «ቆዳዋን ቅቤ ቀባት፣ አለዚያ ትሰነጠቃለች» ብቻ ነው ያሉኝ። አዲሱ ሹፌር ደግ ልጅ ነበር፤ ቆሞ ይበላ ነበር። አንድ ክረምት ከእሱ ጋር ሠራሁና መልቀቂያ ጠየቅሁ።

ይፋግ በገበያ ቀን ሰው ይበዛል። ዘርፌ ሸክላዋን ከሁሉም ጫፍ፣ ብቻዋን ዘርግታ ትሸጣለች። እኔ ምሳዬን በሰዓቱ፣ ተቀምጬ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ እበላለሁ፤ ከዚያ በእሷ በኩል አልፋለሁ። ስለ ውዴ አታነሳም። «ሽማግሌው ደኅና ናቸው?» ትለኛለች፤ «ደኅና ናቸው፣ ሩዝ ይበላሉ» እላታለሁ፤ ትንሽ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የምሳ ቋጠሮ ትፈታና ቀና ብላ ታየኛለች።

«በልተሃል?»

«አልበላሁም፣ እቴ» እላለሁ።